«እህቴ አሜሪካ ሄዳ ሐኪምነቷን ተወች፤ እንዴት ልመልሳት?»

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር ነው። ታናሽ እህቴ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቃ ዞናችን ውስጥ ባለ ሆስፒታል አራት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት ሠርታለች። ከዚያ ዲቪ ደርሷት ሚኒሶታ ሄደች። እዚያ ያሉትን ፈተናዎች አለፈች። የሥልጠና ቦታ ግን ሁለት ጊዜ አመልክታ አላገኘችም። አሁን ‘የማህበረሰብ ጤና ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬያለሁ’ አለችን። ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ክትባት፣ ስለ ስኳር በሽታ ታስተምራለች፤ ሰው ቀጠሮ እንዳያልፈው ታስታውሳለች። እዚህ ይህን ሥራ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች ናቸው የሚሠሩት። እናታችን ለእድሩም ለጎረቤቱም ‘ልጄ እዚያ ትልቅ ሆስፒታል ሐኪም ናት’ ትላለች። እኔም አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ እንድታመለክት ገንዘብ ላዋጣልሽ ስላት ስልኩን ዘጋችብኝ። ለጥር ሠርግ አለብን፤ ትመጣለች። ወደ ሙያዋ እንዴት ልመልሳት? ለእናቴስ ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። እህትህን እንደምትወዳት ከደብዳቤህ ያስታውቃል። የማትወደው ሰው አያዋጣም፤ ተናዶም አይጽፍም።

እንዴት ልመልሳት ብለህ ጠይቀኸኛል። እኔ ደግሞ ከየት ነው የምትመልሳት ብዬ ልጠይቅህ። ስልኩን የዘጋችብህ ሥራዋ አሳፍሯት አይመስለኝም። እናንተ እንዳፈራችሁባት ገብቷት ነው። ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚሄድበትን ሥራ የገዛ ቤተሰቡ ሲደብቅበት ምን እንደሚሰማው አስበው። እናትህ ለእድርተኛው የምትለውን እሷ የማትሰማ እንዳይመስልህ። ጅማና ሚኒሶታ በስልክ አንድ ሰፈር ሆነዋል።

መጀመሪያ ያለፈችበትን መንገድ ላስረዳህ። አንተ «ፈተና አለፈች፣ ቦታ አላገኘችም» ብለህ በአንድ መስመር ጨረስከው። ሲኖሩት ግን የዓመታት ነገር ነው።

ከሌላ ሀገር ተመርቆ አሜሪካ የገባ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ዓመት ሠርቶ ቢመጣ፣ ዲግሪውን ይዞ ገብቶ በሽተኛ ማየት አይችልም። ዲግሪው መጀመሪያ ኢ.ሲ.ኤፍ.ኤም.ጂ በሚባለው ተቋም በኩል መረጋገጥ አለበት። ለዚያ ደግሞ ስቴፕ አንድና ስቴፕ ሁለት የሚባሉትን ፈተናዎች ማለፍ ግድ ነው። ስቴፕ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ ፈተና ነው። የአንዱ ክፍያ ብቻ ወደ 1,000 ዶላር ይጠጋል። ሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት ወላድ ሲያዋልድ፣ ወባ ሲያክም የኖረ ሰው፣ በመጀመሪያዎቹ የትምህርት ዓመታት የተማረውን ባዮኬሚስትሪ እንደ አዲስ ሊያጠና ነው። ያውም የቤት ኪራይ እየከፈለ፣ ምናልባት ሌሊት አረጋውያን ማቆያ ቤት እየሠራ። እህትህ ይህን አልፋዋለች። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም ቆሞ ያጨበጨበላት ግን አይመስለኝም።

ይህ ሁሉ ገና መግቢያው ነው። ከዚያ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሠለጥኑበት ጊዜ አለ። እንደ ውስጥ ደዌ፣ ሕፃናት ወይም የቤተሰብ ሕክምና ያለውን እንኳ ብትመርጥ ሦስት ዓመት ነው። ቦታው የሚደለደለው ማች በሚሉት ሥርዓት ነው፤ ውጤቱም በዓመት አንዴ፣ በፈረንጆቹ ማርች ወር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዶክተር ሊሆኑ ከደረሱት አመልካቾች ከመቶ 93ቱ ቦታ አግኝተዋል። ውጭ ሀገር ተምረው የመጡ፣ የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው አመልካቾች ግን ያገኙት ከመቶ 58 ያህሉ ናቸው። ልብ በል፤ እነዚህ ፈተና አልፈው፣ ወረቀት አሟልተው፣ ከፍለው ያመለከቱት ናቸው። በየመንገዱ የቀሩት አልተቆጠሩም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ የሥልጠና ፕሮግራሞች የተመረቅክበትን ዓመት ያያሉ። ዓመቱ በራቀ ቁጥር ማመልከቻህ ከክምሩ ሥር ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ክሊኒክ ያየህበትን ልምድና የአሜሪካ ሐኪም የጻፈልህን የድጋፍ ደብዳቤም ይጠይቁሃል። ስለዚህ ሦስተኛው ማመልከቻ ከመጀመሪያው እኩል ዕድል የለውም። አንተ ገንዘብ ስታነሳባት የሰማችው «ገና አልሞከርሽም» የሚል ይመስለኛል። ችግሩ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ቀድማ ራሷ ትነግርህ ነበር።

ብቻዋን እንዳልሆነችም እወቅ። ማይግሬሽን ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ግምት፣ በውጭ ሀገር በጤና ሙያ ዲግሪ ይዘው አሜሪካ ውስጥ ከትምህርታቸው በታች የሚሠሩ ወይም ሥራ የሌላቸው ስደተኞች ወደ 165,000 ይደርሳሉ። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ ፋርማሲስቱም አሉበት። ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ ሰነፍ አይሆንም። በሩ ጠባብ ነው።

ሙያ ማጣት ሐዘን ነው። ሌላ ሐዘን ሲሆን ሰው ድንኳን ጥሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ይቀመጥልሃል። ለዚህኛው ግን ለቅሶ የሚደርስ የለም። ይባስ ብሎ ዘመድ ደውሎ «መቼ ነው ሆስፒታል የምትገቢው?» ይላል። እህትህ ይህን ሐዘን ብቻዋን ተቀምጣበት ይሆናል። ለዚህ ነው «ተመለሺ» ከማለትህ በፊት ትንሽ ዝም ብለህ አብረሃት እንድትቀመጥ የምለምንህ።

አሁን ወደ ሥራዋ ልምጣ። ይህን ክፍል በደንብ እንድታነብልኝ እፈልጋለሁ።

ሚኒሶታ ብዙ ሶማሌዎችና ብዙ ኦሮሞዎች የሚኖሩባት ክፍለ ግዛት ናት። እ.ኤ.አ. በ2004 እዚያ ከሶማሌ ቤተሰብ ከተወለዱ የሁለት ዓመት ሕፃናት ከመቶ 92ቱ የኩፍኝ ክትባት ወስደው ነበር። በ2014 ይህ ቁጥር ወደ 42 ወረደ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ ወረደ ማለት ነው። ክትባቱ አልጠፋም፤ ጤና ጣቢያውም አልራቀም። ያወረደው ወሬ ነው፤ «ክትባቱ ልጅን ኦቲዝም ያሲዛል» የሚል። ወሬው እግር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው። መጽሔቱ ራሱ በ2010 ጽሑፉን ሽሮታል። ግን ሽረቱን ለእናቶቹ በቋንቋቸው ማን ይንገራቸው? ወሬው ደርሷቸዋል፤ ማስተባበያው አልደረሳቸውም። በ2017 ኩፍኝ ገባና 75 ሰዎች ታመሙ። አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ልጆች ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ነገር ፖስተር አይመልሰውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ በራሪ ወረቀትማ ጭራሽ። ለፈራች እናት መልሱ ቤቷ የሚመጣ፣ ሻይዋን የሚጠጣ፣ ፍርሃቷን ሳይንቅ እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚናገረውን የሚያውቅ ሲሆን ይታይህ። እህትህ እዚህ ሆስፒታል ስትሠራ በኩፍኝ ደክሞ፣ ሳንባው ተጎድቶ የተኛ ሕፃን ሳታይ አልቀረችም። እዚያ ያሉ ብዙ ወጣት ሐኪሞች ይህን በሽታ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው። እሷ ለአንዲት እናት «እኔ አይቼዋለሁ» ስትላት፣ ያቺ እናት ከማንም በላይ እሷን ታምናለች። ይህን በገንዘብ አትገዛውም።

ሌላ ምሳሌ ልስጥህ። ከኛው አካባቢ ሄዶ እዚያ የሚኖር ስኳር ያለበት አባት አስብ። ረመዳን ደርሷል። ሐኪሙ የተመደበለት ጊዜ አጭር ነው፤ አስተርጓሚው በስልክ ነው። ሐኪሙ «መድኃኒትህን በደንብ ትወስዳለህ?» ይለዋል። አባትየው «አዎ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። ለምን እንደዚያ እንዳለ አንተም እኔም እናውቃለን። ሐኪም ፊት እምቢ አይባልም፤ ይሉኝታ አለ። እውነቱ ግን ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ይጾማል፤ ኢንሱሊኑን ደግሞ እንደወትሮው ይወጋል ወይም ጭራሹን ይተወዋል። አንዱ ስኳሩን ጥሎ ራሱን ያስተዋል፤ ሌላው ስኳሩን ሰማይ ያደርሰዋል። እህትህ ቤቱ ሄዳ በአፋን ኦሮሞ ስታወራው ይህን ትሰማለች። አደጋውም ወዲያው ይገባታል፤ ሐኪም ናትና። ከዚያ ጾሙ ሳይገባ ለሚያክመው ሐኪም ነግራ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት እንዲስተካከል ታደርጋለች። ለሁዳዴ ጿሚ እናትም እንዲሁ። በምርመራ የቲቢ ጀርም በሰውነቷ ተኝቶ የተገኘባት፣ ገና ያልታመመች ሴትም አለች። «ሳላም መድኃኒት ለምን ለወራት እውጣለሁ?» ብላ ታቆማለች። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ቁጭ ብሎ የሚመልስ ሰው ከሌለ ክኒኑ ቁምሳጥን ውስጥ ይቀራል።

እዚህ ላይ ከባዱን ነገር ልንገርህ። እህትህ የመድኃኒቱን መጠን ራሷ መቀየር አትችልም። መልሱን እያወቀችው እጇን መሰብሰብ አለባት። ያለ ፈቃድ ማከም እዚያ ወንጀል ነው፤ ወደፊት ፈቃድ የማግኘት ዕድሏንም ያጠፋዋል። ይህን በየቀኑ መቻል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው የሚሠራው ብቻ ነው። እና እናንተ ከዚህ ደውላችሁ «የአጎትሽ ግፊት ጨምሯል፣ ምን ይውሰድ?» የምትሏት ከሆነ፣ ተዉ። ወንድሟ ስለሆንክ ነው ይህን የምነግርህ።

ሥራው ዋጋ እንዳለው ደግሞ ተጠንቷል። በፔንስልቬንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ አንድ ጥናት፣ የማህበረሰብ ጤና ሠራተኞች ላይ በወጣ በእያንዳንዱ 1 ዶላር ለድሆች የሕክምና ወጪ የሚከፍለው የመንግሥት መድን 2.47 ዶላር እንደሚመለስለት አሳይቷል። ሰው ሳይባባስበት ስለሚታከም፣ ሆስፒታል የሚተኛው ይቀንሳል። ሚኒሶታም ይህንኑ አይታ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ሕግ የእነዚህ ሠራተኞች አገልግሎት ከዚሁ መድን እንዲከፈል ፈቅዳለች።

አሁን ደግሞ ወደ ሀገራችን ልምጣ፤ ምክንያቱም ደብዳቤህ ውስጥ አንጀቴን የነካው እሱ ነው። «አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጆች የሚሠሩት» ብለሃል። ወንድሜ፣ እነዚያን ልጆች አትናቅብኝ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። ዓመት ሠልጥነው ጤና ኬላ ገቡ። ጎርፍ እየተሻገሩ፣ ውሻ እያባረራቸው፣ አንዳንዴም በር እየተዘጋባቸው ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ፣ የመጸዳጃ ቤትና የአጎበር ትምህርት ቤት ለቤት አዳረሱ። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 በተደረገው ጥናት ወደ 67 ወርዷል። ይህን ብቻቸውን አመጡት አልልህም። ያለ እነሱ ግን አይመጣም ነበር። እኔ ነርስ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ስሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጊዜ የላከቻት እናትና ሳትላክ ቆይታ የመጣች እናት ምን ያህል እንደሚለያዩ አይቻለሁ።

እህትህም ይህን ሥራ ሚኒሶታ ሄዳ አልጀመረችውም። የጅማ ልጅ ነህና ታውቀዋለህ። ጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ሲከፈት ጀምሮ ትምህርቱ በማህበረሰቡ ውስጥ እንዲሆን ነው የተቀረጸው። በ1999 ከግብርናው ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆንም ያንኑ ይዞ ቀጠለ። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሲቢቲፒ የሚባለውን፣ በማህበረሰቡ ውስጥ የሚሰጠውን የተግባር ትምህርት ለመማር ቀበሌ ይወጣል። ቤት ይቆጥራል፣ የምንጩን ውኃ ያያል፣ የሰፈሩን ችግር ከሰፈሩ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ይለያል። መመረቂያው ሲቃረብ ደግሞ ቲቲፒ የሚባለው የቡድን ሥልጠና አለ። የሕክምናው፣ የነርሲንጉ፣ የፋርማሲው፣ የላቦራቶሪው፣ የአካባቢ ጤናው ተማሪ አንድ ቡድን ሆኖ አጋሮ፣ ሰርቦ፣ ሸቤ፣ አሰንዳቦ ጤና ጣቢያ ይመደባል።

እኔም በዚያ አልፌያለሁ። አንድ ቤት ተከራይተን፣ ተራ ገብተን ሽሮ እየሠራን ነበር የምንኖረው። እዚያ ማንም «እኔ ሐኪም ልሆን ነው፣ መጸዳጃ ጉድጓድ አላይም» አይልም ነበር። የሕክምናው ተማሪ ጠዋት ወረፋ ሲያይ ውሎ ከሰዓት ከአካባቢ ጤናው ልጅ ጋር ምንጭ ሲያጥር ታገኘዋለህ። ያን ጊዜ ዝቅ አለ ያለው አልነበረም። የዩኒቨርሲቲውም መፈክር «በማህበረሰቡ ውስጥ ነን» የሚል ነበር። እህትህ አሁን የምትሠራው ይኸንኑ ነው። ሀገሩ ተለወጠ፤ ጋውኑ ወለቀ፤ ሥራው ግን ከተማረችው አልወጣም።

ይህን ስል ግን «ሁሉም ለበጎ ነው» እንድትላት አይደለም። እንዳትላት። አልሆነላትም። የማህበረሰብ ጤና ሠራተኛ አሜሪካ ውስጥ በዓመት የሚያገኘው ወደ 50,000 ዶላር ነው። ሐኪም ከ230,000 በላይ ያገኛል። ይህ ልዩነት ቤት ኪራይ ላይ፣ ወደ ሀገር በምትልከው ላይ፣ በየቀኑ የሚታይ ነው። ክብሩም ያው አይደለም። ስብሰባ ላይ ከሷ ያነሰ የሚያውቅ ሰው ሲያስረዳት ትቀመጣለች። ሠልጥኖ የመጣን ሐኪም በር ላይ ማቆም ለዚያች ሀገርም ኪሳራ ነው፤ ሐኪም የሚጠብቅ በሽተኛ እዚያም አለ። ስለዚህ ስትከፋ «ደግሞ ሥራ አለሽ» አትበላት። ስማት።

በሩ ለዘለዓለም ተዘግቷል ብዬም አልነግርህም። ሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ2015 በውጭ የተማሩ ሐኪሞችን የሚያግዝ የመንግሥት ፕሮግራም አቋቁማለች፤ በዓይነቱ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። የምክር አገልግሎት፣ የክሊኒክ ልምድ የሚገኝበት መንገድና ለተወሰኑ የሬዚደንሲ ቦታዎች ድጋፍ አለው። እህትህ እዚያው ስለምትኖር ሳትሰማ አትቀርም። ቴነሲ የምትባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ በ2023 ውጭ ሀገር የሠለጠኑ ሐኪሞች የአሜሪካ ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በጊዜያዊ ፈቃድ፣ በቁጥጥር ሥር ሆነው የሚሠሩበትን ሕግ አውጥታለች። ሌሎች ክፍለ ግዛቶችም ተከትለዋታል። ፈተናዎቹን ማለፍ እዚያም ይጠየቃል፤ እሷ ግን አልፋለች። ሌላም መንገድ አለ። አንዳንዱ ሐኪም በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ይይዛል፤ አንዳንዱ የመድኃኒት ምርምር ያስተባብራል፤ አንዳንዱ አሁን እሷ ባለችበት ቆይቶ የፕሮግራም ኃላፊ ይሆናል።

ይህን የምዘረዝርልህ ግን ደውለህ እንድትዘረዝርላት አይደለም። ከአንተም ከእኔም በላይ ታውቀዋለች። አንተ እንድታውቀው ነው፤ «ቢፈለግ መንገድ አይጠፋም» በሚል ስሜት እንዳትገፋት። ትሞክር አትሞክር የሷ ውሳኔ ነው። ዕድሜዋን፣ አቅሟን፣ ሌሊት እንቅልፏን የምታውቀው እሷ ናት። እንደገና ልሞክር ካለች ገንዘብህን ያኔ አውጣ። አልሞክርም ካለችም ለእናትህ መድኃኒት ወይም ለሷ የአውሮፕላን ትኬት አውለው፤ ሁለቱም ይጠቅሟታል።

መጀመሪያ ግን ደውልላትና ይቅርታ ጠይቅ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። «ሥራሽ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅሽ ስለ ገንዘብ አወራሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» በላት። ከዚያ ጠይቃት። ቀኗ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ምን እንደሚከብዳት፣ ምን ደስ እንደሚላት። የሰዎቹን ስም አትነግርህም፤ የበሽተኛ ምስጢር ነው። ታሪኩን ግን ትነግርሃለች። መጀመሪያ ቀን ብዙ ካላወራችህ አትዘን። በሌላ ቀን እንደገና ጠይቃት።

ወደ እናትህ እንምጣ። እናትህን አልፈርድባትም። አንዲት የጅማ እናት ልጇን ሐኪም አድርሳ፣ ጋውን ለብሳ አይታ፣ ሰፈር ሁሉ «የዶክተሯ እናት» ብሎ ጠርቷት ኖራለች። ያን ማዕረግ በአንድ የስልክ ጥሪ መልሺ ሲሏት እጇ አልፈታ አላት። ስለዚህ ሰው ፊት አታርማት። እድር ላይ «ኧረ እማዬ፣ እንደዚያ አይደለም» ካልካት እሷም ታፍራለች፤ ነገሩም የባሰ ጉድ ይመስላል። ቤት ውስጥ፣ ቡናው ተፈልቶ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ንገራት። እንዲህ ልትላት ትችላለህ፦

«እማዬ፣ እዚያ ያሉ የኛ ሰዎች ሲታመሙ ቋንቋው ይቸግራቸዋል፤ ሐኪሙም አይገባቸውም። ልጅሽ ቤታቸው ድረስ እየሄደች በቋንቋቸው ታስረዳቸዋለች። ልጆቻቸውን ታስከትባለች፣ ስኳርና ግፊት ያለበትን ትከታተላለች። የምትሠራው ይህን ነው። አንቺ ስትደብቂው ግን የሚያሳፍር ነገር ያደረገች ይመስላታል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳትተዋት። እናትህ ይህን የምታደርገው ለልጇ ክብር ብላ ነው። ልጇን እየጎዳ መሆኑን ስታውቅ ትተወዋለች ብዬ አምናለሁ። ቢቻል ደግሞ ከአንተ ብቻ ሳይሆን ከልጇ አፍ ትስማው። በቪዲዮ ስትደውሉ «እስኪ ለእማዬ ሥራሽን ንገሪያት» በላት።

ለጎረቤትስ ምን ይባላል? «ሐኪም ናት፤ እዚያ የምትሠራው በማህበረሰብ ጤና ነው።» በቃ። ሁለቱም እውነት ነው። የጅማን ዲግሪዋን ማንም አልነጠቃትም። ሰፈሩ «ዶክተር» ብሎ ቢጠራትም ይጥራት። «ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ናት» የሚለው ነው መቆም ያለበት። «ለምን ሆስፒታል አልገባችም?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «እዚያ እንደ አዲስ መሠልጠን ይጠይቃል፤ ቦታው ጥቂት ነው» ማለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ማንም የማብራራት ዕዳ የለበትም።

አንድ ነገር ቀረ፤ የጥር ወር ሠርግ። «ዶክተሯ መጣች» ሲባል ዘመድ አዝማዱ ራጁን በፌስታል ይዞ፣ የክኒን ማሸጊያውን ኪሱ ከትቶ እንደሚመጣ አንተም ታውቃለህ። ከአሁኑ ንገራቸው። እህትህ ለዓመታት እዚህ አልሠራችም፤ የሙያ ፈቃድ እድሳት ይፈልጋል፤ እጇ ላይም መመርመሪያ የለም። ማዘዣ እንድትጽፍ ማንም አይጠይቃት። ወረቀት አይታ «ይኼ የልብ ሐኪም ይይልዎት፣ አይቆዩ» ማለት ከፈለገች ግን ደስ እያላት ታደርገዋለች። እናትህ በበኩሏ ሳሎን ውስጥ ወረፋ እንዳታሰልፍ አስቀድመህ ንገራት፤ ይህን የምልህ የብዙ ቤት ነገር ስለሆነ ነው።

ከሠርጉ በኋላ ጊዜ ከተረፋት፣ እናንተ ቀበሌ ካለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር አገናኛቸው። ስለ ቀጠሮ ስለሚያልፍ ሰው፣ ስለማይከፍት በር፣ ስለ ክትባት ወሬ የሚያወሩት ብዙ አላቸው። እህትህ ካልፈለገች ግን ተዋት፤ የምትመጣው ለእረፍት ነው።